በነጻ የተሰጠ አገልግሎት ዋጋ ሲወጣለት

«ነጻ» የሚለው ቃል በአማርኛችን ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። «በነጻ አገኘሁት» ስንል ሳንከፍል ማለታችን ነው። «ነጻ ሰው ነው» ስንል ደግሞ ማንም የማያዘው፣ በራሱ የሚያድር ማለታችን ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። በዘመድ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ሰው ኪራይ አይከፍልም፤ ቢሆንም ነጻ ነው አይባልም፤ ባለቤቱ «በቃ» ያለ ዕለት ጓዙን ይሸከማል። በዚህ ረገድ አፋን ኦሮሞ ይሻላል፤ ያለ ክፍያ የሚገኘውን «ቶላ»፣ ማንም የማያዘውን «ቢሊሳ» ብሎ ለይቶ አስቀምጦታል። ጅማ ተቀምጠን ሁለቱንም ቋንቋ የምንሰማ ስለሆንን ልዩነቱን ለመያዝ ከሌላው የሚቀለን ይመስለናል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ለትምህርት ሥራችን የምንገለገልባቸው የድረ ገጽ መሣሪያዎች፣ ማለትም ፋይል የምናስቀምጥባቸው፣ ፈተና የምናዘጋጅባቸው፣ የክበብ ገጽ የምንከፍትባቸው፣ በስብሰባ የምንገናኝባቸው ሶፍትዌሮች፣ አብዛኞቹ ቶላ ናቸው እንጂ ቢሊሳ አይደሉም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ደግሞ ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ትናንት በነጻ ይሰጡት የነበረውን ነገር ዛሬ «ክፈሉና እንከፍትላችኋለን» ማለት ጀምረዋል። እንዴት? ለምን? እኛንስ ምን ያገባናል? በተቻለን መጠን ለማስረዳት እንሞክራለን።

መጀመሪያ ሁሉም የሚያውቀውን እንውሰድ። ጉግል የተባለው ኩባንያ ፎቶግራፍ የሚያስቀምጥበት አገልግሎት ነበረው፤ አሁንም አለው። ለብዙ ጊዜ ጥራቱ በመጠኑ የተቀነሰ ፎቶ ያለ ገደብ በነጻ ይቀበል ነበር። ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ጀምሮ ግን አዲስ የሚገባው ፎቶ ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው በተመደበው 15 ጊጋ ባይት ላይ እንዲቆጠር ተደረገ። ከዚያ የተረፈ በወር ይከፈልበታል። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ይኸው ኩባንያ ለትምህርት ተቋማት ያለ ገደብ ይሰጠው የነበረውን ማከማቻ እንደሚያስቀር አስታወቀ፤ ቀደም ብለው የገቡት ተቋማትም ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ እያንዳንዳቸው በጋራ 100 ቴራ ባይት ብቻ እንዲኖራቸው ተወሰነ። 100 ቴራ ሲባል ሰፊ ይመስላል። ነገር ግን 20 ሺህ ተማሪና መምህር ያለው አንድ ዩኒቨርሲቲ ብናስብና ብናካፍለው ለአንድ ሰው 5 ጊጋ ባይት ይደርሰዋል፤ አንድ ሰው በራሱ ስም ገብቶ ከሚያገኘው 15 ጊጋ እንኳ ያንሳል ማለት ነው። በትምህርት ተቋም ስም መግባት ትርፍ መሆኑ ቀርቶ ጉድለት ሆነ።

ዙም የተባለው የስብሰባ አገልግሎት በነጻ የሚደረገውን የቡድን ስብሰባ ዱሮም በ40 ደቂቃ ገድቦት ነበር፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ሲነጋገሩ ግን ገደብ አልነበረውም። እ.ኤ.አ. በ2022 ያም በ40 ደቂቃ ተቆረጠ። ትዊተር (አሁን ኤክስ የሚባለው) ደግሞ ከመጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመለያ መቆለፊያ ቁጥር በስልክ መልእክት መቀበልን ለሚከፍሉ ደንበኞች ብቻ አደረገው። ይኼኛው በጣም ያስገርማል፤ የተወሰደው ጌጥ ሳይሆን የበር ቁልፍ ነውና። በእርግጥ ሳይከፈልበት የሚሠራ ሌላ የመቆለፊያ ዘዴ ትተዋል፤ ነገር ግን በመልእክት ቁጥር መቀበልን ብቻ የለመደ ሰው ስንት ነው?

ዎርድፕሬስ ጉዳዩን ከሁሉ በተሻለ ያስረዳልና በሱ ላይ ትንሽ እንቆይ። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ነገሮች አሉ፤ ብዙ ሰው አንድ ይመስሉታል። አንደኛው ሶፍትዌሩ ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ፣ ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ ማንም አውርዶ በራሱ ወይም በተከራየው ሰርቨር ላይ ሊያስቀምጠው የሚችል። ሁለተኛው በዚያው ሶፍትዌር የሚሠራ የአንድ ኩባንያ አገልግሎት ነው፤ ሰርቨሩንም፣ ጥበቃውንም ኩባንያው ይችላል፤ እኛ ስም አስገብተን ገጽ መክፈት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በሚያዝያ መግቢያ ላይ አገልግሎት ሰጪው ድርጅት በነጻ ለሚገባ አዲስ ሰው ይሰጠው የነበረውን 3 ጊጋ ባይት ማከማቻ ወደ 500 ሜጋ ባይት አወረደው፤ በወር ከ10 ሺህ ጉብኝት በላይ እንዳይሆንም ወሰን አበጀለት። በወር 4 ዶላር ገደማ ይከፈልበት የነበረውን ዝቅተኛ ደረጃም አንሥቶ፣ ከነጻው ቀጥሎ በዓመት 180 ዶላር የሚከፈልበት አንድ ደረጃ ብቻ አስቀረ። በወቅቱ ምንዛሪ ከ9 ሺህ ብር በላይ ነው፤ የጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ከዚያ ያንስ ነበር። ተጠቃሚው ጮኸ። ድርጅቱም በወሩ ውስጥ ማከማቻውን ወደ 1 ጊጋ ባይት ከፍ አደረገ፤ የጉብኝቱን ወሰን ተወው፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ የድሮዎቹን ደረጃዎች መለሰ። ልብ ይሏል፦ 3 ጊጋው ግን አልተመለሰም። ሦስት ወስዶ አንድ መመለስ በገበያም የተለመደ ዘዴ ነው፤ ሻጭ መጀመሪያ አስደንግጦ ይጠራና ሲቀንስ ያስመሰግናል።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ሶፍትዌሩን በራሳቸው ሰርቨር ላይ ያስቀመጡት ሰዎች ምንም አልነካቸውም። አንድም ባይት አልጎደለባቸውም። ቶላና ቢሊሳ ያልነው ልዩነት እዚህ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ለምን ያደርጉታል?

ኩባንያዎቹን ዝም ብሎ መውቀስ ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። በነጻ የተባለ አገልግሎት ሁሉ በአንድ ቦታ ይከፈልበታል። ፎቶአችን የተቀመጠበት ሰርቨር ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ በጥቂት ዓመት ያረጃል። ሌሊት ሲበላሽ የሚነሣ መሐንዲስ ደመወዝተኛ ነው። ታዲያ ለምን በነጻ ጀመሩት? መልሱ በአጭሩ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሚፈለገው ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነው። ባለሀብቶች ለኩባንያው ገንዘብ ያቀርባሉ፤ ኩባንያው በዚያ ገንዘብ እየከሰረ በነጻ ይሰጣል፤ ተጠቃሚው ይበዛል፤ ተወዳዳሪው ይደክማል። የባለሀብቱ ትዕግሥት ሲያልቅ ወይም የመበደር ዋጋ ሲጨምር «እስከ መቼ?» ይባላል። ያን ጊዜ ከነጻው ክፍል አንዳንድ ነገሮች እየተነሡ ወደሚከፈልበት ክፍል ይሻገራሉ።

የትኞቹ ይሻገራሉ? ተጠቃሚው የማይፈልጋቸው አይደሉም። እነዚያን ማን ይገዛቸዋል! የሚሻገሩት ሰው የለመዳቸው፣ ሥራው የቆመባቸው ናቸው። ያስቀመጥነውን መልሶ ማውረድ፣ ከተወሰነ ቁጥር በላይ ተማሪ ማስገባት፣ ውጤትን በሠንጠረዥ ማየት፣ ያለ ኔትወርክ መሥራት፣ እነዚህን የመሳሰሉት። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ዋጋው ስንት ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ ዋጋው በተነገረን ዕለት መሄጃ አለን ወይ የሚለው ነው።

ይህንን የአገራችን የቡና ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በጎማ፣ በሊሙ ወይም በጌራ ቀይ እሸት ቡና የለቀመ ገበሬ ጊዜ የለውም። እሸት በዚያው ዕለት መፈልፈያ ካልገባ ይበላሻል። ስለዚህ በአቅራቢያው ያለው መፈልፈያ አንድ ብቻ ከሆነ ባለ መፈልፈያው የጠራውን ዋጋ ይቀበላል፤ ተሸክሞ ወደ ቤቱ አይመልሰው! ቡናውን አድርቆ ጀንፈል ያደረገ ገበሬ ግን ጎተራው ውስጥ አስቀምጦ ዋጋ ይጠብቃል። ዋጋው ከታጠበው ያንስ ይሆናል፤ ግን አይቸኩልም። በሰው ድረ ገጽ ላይ የተቀመጠ ሥራችን እሸት ነው። በራሳችን ፍላሽ ላይ የገለበጥነው ጀንፈል ነው።

ሦስተኛም መንገድ አለ፤ መፈልፈያውን የራስ ማድረግ። በአጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2010 ሲቋቋም አባላቱ በአብዛኛው ጀንፈል ይሸጡ የነበሩ ገበሬዎች ናቸው። ማሽኑን በብድር አስተከሉ፤ እሸታቸውን ራሳቸው ፈልፍለው ማጠብ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቡናቸው በአፍሪካ ደረጃ በተደረገ የቅምሻ ውድድር አንደኛ ወጣ። መሬቱ ያው፣ ዛፉ ያው፣ ለቃሚው ያው ነው፤ የተለወጠው የማሽኑ ባለቤት ነው። በሶፍትዌር ዓለምም እንዲህ ያለ ማኅበር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ነጻ ሶፍትዌር የሚለውን ሥራ ሲጀምር ነጻ ያለው ዋጋውን ሳይሆን የተጠቃሚውን መብት ነበር፦ እንደ ልብ መገልገል፣ ውስጡን ማየት፣ መለወጥ፣ ለሌላ ማካፈል። እንዲህ ባለ ፈቃድ አንዴ የተሰጠ ቅጂ ተመልሶ አይወሰድም። ባለቤቱ የሚቀጥለውን እትም በሌላ ፈቃድ ሊያወጣ ይችላል፤ በእጃችን ያለውን ግን ሊነጥቀን አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2021 ኢላስቲክ የተባለው ኩባንያ የፍለጋ ሶፍትዌሩን ፈቃድ ሲለውጥ የሆነው ይህ ነው፤ ሌሎች የቀድሞውን ክፍት እትም ይዘው ኦፕንሰርች በሚል ስም ቀጠሉ። (እነዚያ ሌሎች የተባሉት በአማዞን የሚመሩ እንጂ ድሆች አልነበሩም፤ ነጻ ፈቃድ ለትልቁም ለትንሹም እኩል ይሠራል።)

ለመምህራን የቀረበው ምሳሌ

ከዚህ ሁሉ እኛን በቀጥታ የሚነካን ሙድል ነው። ሙድል ትምህርትን በኮምፒውተር ለመስጠት የሚያገለግል ሶፍትዌር ሲሆን፣ ማርቲን ዱጊያማስ የተባለ አውስትራሊያዊ ጀምሮት እ.ኤ.አ. በ2002 የመጀመሪያው ሙሉ እትም ወጣ። ፈቃዱ ነጻ ነው፤ በእኛም አገር ዩኒቨርሲቲዎች የታወቀ ነው። ማንም ተቋም አውርዶ በራሱ ሰርቨር ሊተክለው ይችላል፤ የሚጠይቀው የለም።

ነገር ግን ተማሪው ዛሬ የሚማረው በስልክ ነው። ለስልክ የተዘጋጀው የሙድል መተግበሪያ እ.ኤ.አ. በ2020 በደረጃ ተከፋፈለ። ነጻው ደረጃ ማሳወቂያ የሚደርሳቸውን ስልኮች በ50 ወሰናቸው፤ ያለ ኔትወርክ ለማንበብ ወደ ስልክ የሚወርደውንም ኮርስ በሁለት ገደበው። ከዚያ በላይ የፈለገ ተቋም እንዲከፍል ተጠየቀ። እስኪ አስቡት። በአገራችን ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት የተዘጉበት ዓመት ነው። ከኛ አካባቢ ትምህርት ቤቶች አንድ ክፍል ብቻውን 60 ተማሪ የሚይዝ ስንት አለ? ኔትወርክ ባለበት ከተማ የሚኖር ተማሪ ሁለት ኮርስ አወረደ፣ አሥር አወረደ ለውጥ የለውም፤ ሲፈልግ ከፍቶ ያነባል። ከሰቃ ጨቆርሳ ወይም ከጌራ ገጠር ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማ ወጥቶ ለሳምንት የሚሆነውን አውርዶ የሚመለስ ተማሪ ግን ሁለት ብቻ ሲባል የትኛውን ትምህርት ይተው? ገደቡ ለሁሉም እኩል ተጻፈ፤ ያረፈው ግን ኔትወርክ በሌለው ላይ ነው። ክፋት ታስቦበት ነው አንልም። በሰፊ ኔትወርክ ውስጥ የሚኖር ሰው «ያለ ኔትወርክ መሥራት» የቅንጦት ዕቃ ይመስለዋል፤ ስለዚህ የሚሸጥ ነገር ሲፈልግ እጁ ወደሱ ይሄዳል።

የሙድልን ሰዎች በአንድ ነገር ግን ማመስገን ይገባል። የመተግበሪያው ምንጭ ኮድም ክፍት ስለሆነ፣ ዕውቀቱ ያለው ተቋም ወስዶ የራሱን አሠርቶ ገደቡን ሊያነሣ ይችላል። ኮዱን የሚያበጅ ሁለት ባለሙያ ያለው ተቋም አይቸገርም። የሌለው ይከፍላል። እዚህ ላይ ነጻነት ዕውቀት ካልተጨመረበት ወረቀት ብቻ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል እናያለን፤ ባለ ማሽኑ ማኅበር ማሽኑን የሚጠግን ሰው ከሌለው ተመልሶ ጀንፈል ሻጭ ነው።

በራሳችንም ላይ ደርሷል። ባለፈው ዓመት ክበባችን ለ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ለሚዘጋጁ ልጆች የሒሳብና የሳይንስ ጥያቄዎችን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አዘጋጅቶ፣ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ ያስገባ ነበር። ከ400 በላይ ጥያቄዎች ገብተዋል። ለእኛ ዋናው ጥቅም ማርኩ አልነበረም፤ ማርክማ በጠመኔም ይሰጣል። ጥቅሙ በየጥያቄው ስንት ልጅ እንደሳተና የትኛውን የተሳሳተ መልስ እንደመረጠ በሠንጠረዥ ማሳየቱ ነበር። ለምሳሌ ክፍልፋይ ሲደመር ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው የሚደምር ልጅ ስንት እንደሆነ ወዲያው ይታያል፤ በማግስቱ ምን ማስተማር እንዳለብን እናውቃለን ማለት ነው። በትምህርት ዓመቱ አጋማሽ ሠንጠረዡ ላይ የቁልፍ ምልክት ተሳለበት። ማስታወቂያው በኢሜይል ተልኳል ተባለ፤ ክበቡ የከፈተውን ኢሜይል ደግሞ ማን ያየዋል! ጥያቄዎቹን ማየት ይቻላል፣ በአንድ ፋይል ማውረድ ግን አይቻልም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፤ ሁለት ሌሊት በየተራ ተቀምጠን ከስክሪን ላይ በእስክሪብቶ ገለበጥን።

ይህን ስንናገር አንድ መምህራችን እንዲህ ሲሉ ሞግተውናል፦ «የሰው ዕቃ ነው፤ ሰጥተዋል፣ ወሰዱ፤ እናንተ ምን ከፍላችሁ ትከሳላችሁ?» እውነት አላቸው፤ ግን ግማሹን ነው። በሄርማታ ገበያ ማር የምትሸጥ ሴት በጣትሽ ጫፍ ቅመሺ ብላ ብታቀምስ፣ የቀመሰ ሰው «ነገም አቅምሺኝ» ብሎ ሊከሳት አይችልም። ቅምሻ ቅምሻ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። አዲስ ነገር ሠርቶ በዋጋ ማቅረብም ያው ነው፤ ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2022 የሚከፈልበት ደረጃ ሲጀምር ነባሩን አገልግሎት በነጻ እንደሚያቆይ ተናግሮ ነው፤ ያልፈለገ አይገዛም። የእኛ ጉዳይ ግን ቅምሻ አልነበረም። እኛም ይዘን የገባነው ነገር ነበር፤ 400 ጥያቄ፣ የልጆች ውጤት፣ የብዙ ቅዳሜ ሥራ። ድረ ገጹ ባዶ ሆኖ ሳለ ሌላው ሰው ገብቶ እንዲያይ ያደረገው እንዲህ ያለ የብዙ ሰው ሥራ ነው። ስለዚህ ዋጋ ማውጣታቸውን አንነቅፍም፤ የምንነቅፈው የራሳችንን ሥራ ይዘን እንዳንወጣ በሩ ላይ ዋጋ መለጠፉን ነው። በጊዜ ተነግሮን፣ ያስገባነውን አውርደን እንድንሄድ ቢፈቀድልን ኖሮ ይህን ጽሑፍ አንጽፍም ነበር።

መምህራችን ቀጥለው «ታዲያ ለምን አትከፍሉም? ጥቂት ዶላር ነው» አሉ። እዚህ ላይ ነገሩ የሀብት ብቻ ሳይሆን የመንገድ ጉዳይ ይሆናል። አሥራ አምስት ሆነን ብናዋጣ ብሩ አይጠፋም ይሆናል። ብሩን ዶላር አድርጎ በኢንተርኔት የሚከፍል ካርድ ግን በእጃችን የለም። ያለው መንገድ ውጭ አገር ዘመድ ያለውን ጓደኛ መለመን ነው፣ ወይም በመሐል ገብቶ ትርፍ ይዞ የሚከፍል ሰው መፈለግ ነው። ዘመድ አንድ ወር ይከፍላል፤ በየወሩ ግን «እባክህ» ማለት ይከብዳል። በዚያ ላይ ምንዛሪው አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በወር 4 ዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት ኩባንያው አንድ ሳንቲም ሳይጨምርበት ከ230 ብር ገደማ ወደ 400 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ ማለት ነው። አሜሪካ ላለ ተማሪ የአንድ ስኒ ቡና ዋጋ ነው ይላሉ። ቡናው ከየት እንደሄደ ለጊዜው እንተወው።

ወደ ኋላም ሊመለስ ይችላል

ሁልጊዜ ከነጻ ወደ ክፍያ ነው የሚኬደው እንዳይባል፣ በፊደላችን ላይ የደረሰውን እናንሣ። ኮምፒውተር ወደ አገራችን ሲገባ የግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ ላይ፣ እያንዳንዱ በመሰለው ቅደም ተከተል አስቀመጡ። ሥራቸው ትልቅ ነበር፤ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ መጻፍ የቻሉት በነሱ ነው። ውጤቱ ግን ይህ ሆነ፦ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ ደብዳቤ ያ ሶፍትዌር በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይወጣል። በዕድሜ የገፉ መምህሮቻችን ይህን አይረሱትም። ሶፍትዌሩን የገዛ የራሱን ጽሑፍ ያነባል፤ ያልገዛ የራሱንም አያነብም።

እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም የግዕዝ ፊደል ለያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶት ገባ። ቁጥሩ የማንም ንብረት አይደለም፤ «ሀ» በጅማም በቶኪዮም «ሀ» ነው። ከዚያ በኋላ አቢሲኒካን የመሰሉ በነጻ ፈቃድ የሚታደሉ የፊደል ቅርጾች ወጡ። አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋ ለመጻፍ የሚያስችለው ኪይማን ለብዙ ዓመት በዋጋ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ኤስ አይ ኤል የተባለው ድርጅት ከያዘው በኋላ ግን በነጻ እንዲሰጥ፣ ምንጭ ኮዱም ክፍት እንዲሆን ተደረገ። ከክፍያ ወደ ነጻ መጣ ማለት ነው። አስተውሉ፤ እዚህ ላይ ነገሩን የለወጠው የአንድ ኩባንያ ቸርነት ብቻ አይደለም። ከሥር ያለው መሠረት፣ ማለትም የፊደሉ ቁጥር፣ የጋራ ስለሆነ ነው። ሠሪው ዛሬ ሐሳቡን ቢለውጥ እንኳ የጻፍነው ጽሑፍ በሌላ ሶፍትዌር ይነበባል።

ስለዚህ አንድ ሠልጣኝ ነገ ተመድቦ በሚሄድበት ትምህርት ቤት አንድ ድረ ገጽ ከመያዙ በፊት «በነጻ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይበቃም። ያስገባሁትን በሌላ ሶፍትዌር በሚነበብ ፋይል አውርጄ መውጣት እችላለሁ ወይ? ይህን ዛሬውኑ በሁለት ጥያቄ ሞክሮ ማየት ይቻላል፤ ዓመቱን መጠበቅ አያስፈልግም። አሁን የሚከፍልልኝ ማን ነው፤ ማስታወቂያ ነው፣ ባለሀብት ነው፣ እርዳታ ሰጪ ነው? የማስታወቂያው ኢሜይል የሚሄደው ማንም ወደማያየው አድራሻ ነው ወይስ ኃላፊነት ወዳለበት ሰው? ኔትወርክ ቢጠፋ ለስንት ቀን ይሠራል? ሁሉንም ያሟላ አይገኝም። እኛም አሁን ክፍያ በሌላቸው ድረ ገጾች እንገለገላለን፤ ማቆምም አልፈለግንም። የለወጥነው ቅደም ተከተሉን ነው፤ ጥያቄው መጀመሪያ በራሳችን ፋይል በተራ ጽሑፍ ይጻፋል፣ ድረ ገጹ ላይ የሚወጣው ቅጂው ነው። ስንት ልጅ የትኛውን መልስ እንደመረጠ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ደግሞ የሂሳብ ክፍል መምህራችን በተራ የሠንጠረዥ ፋይል ሠርተውልናል፤ እንደ ድረ ገጹ አያምርም፣ ግን ይቆጥራል።

በእጅ ከገለበጥናቸው ጥያቄዎች የሒሳቡ ክፍል በሁለቱም ቋንቋ ተተይቦ አልቋል። ከሳይንሱ የአማርኛው ሲያልቅ የአፋን ኦሮሞው 90 ያህል ጥያቄ ይቀራል። ፍላሽ ይዞ የመጣ ሠልጣኝ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ላይ መቅዳት ይችላል፤ ቁቤ በፍጥነት የሚተይብ ካለ ደግሞ ደብተሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው።